ቀልዴ ሊያስዘጋው የነበረ የካራቴ ቤት

ሰኞ

ዛሬ ስድስት ሰው ብቻ መጣ። ሐሙስ ዕለት ሃያ አንድ ነበርን። ማስተር ጌታሁን በሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና በሩን አየ። ከወፍጮ ቤቱ በቀጥታ ስለሚመጣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ማስተር፣ ዛሬ ሸብተህ መጣህ?» ብዬ ሰውን አስቅ ነበር። ዛሬ አፌ አልከፈት አለኝ።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኛ። ሌላ ማንም አያውቅም።

ሐሙስ ከልምምድ ስመለስ እትዬ ብርቄ፣ የአጎቴ ሚስት፣ «እዚያ አዳራሽ ስትጎነበሱ ያየ ሰው አለ። ለማን ነው የምትሰግዱት?» አሉኝ። እውነቱን ብናገር በቃ ነበር፤ ለመምህሩና እርስ በርሳችን ነው፣ እንደ ጤና ይስጥልኝ ነው። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ሲደክመኝ ደግሞ ይብስብኛል። ፊቴን እንደ ቀዳሽ ዲያቆን አኮሳትሬ «ለአንድ የሞተ የጃፓን ሽማግሌ ነው። ጢሙ ጉልበቱ ይደርሳል። ክርስትና ስማችንንም ቀይሮልናል፤ የኔ አሁን ወለተ ቶኪዮ ነው» አልኳቸው።

አማተቡ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

እሳቸው ለነፍስ አባታቸው ለመምሬ ተክሌ ነገሩ። መምሬ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ «ልጆቻችሁን ከዚያ አዳራሽ ጠብቁ» አሉ። ይኸው፣ ስድስት።

የቀበሌው ሰውዬም መጥቶ ቆጠረን። «ሰው ከሌለው ለማዳበሪያ ማከማቻ እንፈልገዋለን። እስከ ሰኞ አያለሁ» ብሎ ሄደ።

ጓደኛዬ እታገኝም አልመጣችም።


ማክሰኞ

የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቃተኝ። አጎቴ ሁለት ጊዜ «የሺ፣ ተኝተሻል?» አለኝ። አልተኛሁም፣ ጭኔ ነው የሞተው። ሳምንቱ መጻጉዕ ነው። በወንጌሉ ሽባው አልጋውን ተሸክሞ ሄደ፤ እኔን ግን ማን ተሸክሞ አልጋ ያድርሰኝ? እዚህ ዘመሮ ከተማችን ብርዱ ሌላ፣ ጾሙ ሌላ፣ የጌታሁን ልምምድ ሌላ።

ሦስት ወር ተምሬ ያገኘሁትን ልጻፈው፤ ካራቴው ቀረ ከተባለ ማን ያስታውሰዋል።

መቆም። እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ወገብ አቅንቶ። ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው፣ ፈረሱ ብቻ የለም።

መውደቅ። ጎን በጎን፣ ጭንቅላት ሳይነካ። ባለፈው ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁና ሳይታወቀኝ ቀጥ ብዬ ተነሣሁ። ያየኝ አንድ አህያ ብቻ ነው።

ቡጢ፦ ገና። አየር ብቻ ነው የምንመታው። አየሩ እስካሁን አልተጎዳም።

መተንፈስ። ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ ሲገፋኝ ተንፍሼ አለፍኩ። (በልቤ እስከ ሰባት ቤቱ ሰድቤዋለሁ። እሱ አይቆጠርም።)

የእታገኝ ድምፅ። ይሄ የኔ አይደለም፣ ግን ልጻፈው። አብረን ስንማር መምህሩ ስሟን ሲጠራ «አቤት» ስትል ከጎኗ የተቀመጥኩት እኔ እንኳ አልሰማትም ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፣ እሷ አሥረኛ ደርሳለች፣ ድምፅዋ ግን እዚያው ነው የቀረው። ካራቴ ላይ ስትመታ መጮህ ደንብ ነው። አንድ ወር ሙሉ ጩኸቷ እንደ ድመት ግልገል ማስነጠስ ነበር፤ «ድመቴ» እያልኩ አደረቅኋት። አንድ ቀን ድምፅዋ ወጣ። ሁሉም ዞሮ አያት፣ እሷም ደነገጠች። በሳምንቱ በግ ተራ ላይ አንድ ደላላ የአባቷን ሙክት አንገቱን ይዞ ሲጎትት «አይሸጥም! ልቀቅ!» አለችው። ለቀቀ። አባቷ አለቃ ደምሴ ያን ቀን ነው «በይ ካራቴሽን ተማሪ» ያሏት።


ረቡዕ

እትዬ ብርቄ የካራቴ ልብሴን በጸበል ነክረውት አገኘሁት። በዚህ ብርድ! እርጥቡን ለበስኩት። አምስት ሰው ነበርን። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ማስተር «እሱም ልምምድ ነው» አለ።

ሳይመሽ ቧንቧው ጋ እታገኝን አገኘኋት። ጀሪካኗን አስቀምጣ አጠገቤ መጣች። ድምፅዋ ተመልሶ ገብቷል። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት።

«የሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እውነት ነው? ሳላውቅ ለጣዖት ሰግጃለሁ?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም። መምሬ ጋ ንስሐ ገባሁ። በቀን መቶ ስግደት ታዘዝኩ። አባባ ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል፣ እኔው ነኝ የላክኋት እያለ።»

እጇን አየሁት። ከመሬት ጋር ሲታገል ተልጧል። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «እኔ እንጃ» አልኳት። ይሄን ነው ያልኳት። እኔ እንጃ።

የጀሪካኑን ክዳን ዘግታ ሄደች። እኔ፣ ለአህያም መልስ የማላጣው።

ራት አልበላሁም። ሽሮው ጥሩ ነበር አሉ።


ሐሙስ

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሴቶች ገብሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፣ ሞተሩ ይጮኻል። «ማስተር!» አልኩ። አልሰማም። «ማስተር፣ የምነግርህ አለ!» ፊቴን አየና ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ላንቺ ብዬ ነው ያጠፋሁት። ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ሽማግሌውን፣ ጢሙን፣ ወለተ ቶኪዮን፣ ሁሉን። ከሰልፉ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሌላይቱ «እሰይ፣ ይቺን ነበር በአለንጋ!» አለች። ማስተር አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አዳራሽ ባጣ ሌላ እፈልጋለሁ» አለ። «ሜዳም አለ። ያቺ ልጅ ግን የጠፋ ድምፅዋን የት ሄዳ ትፈልግ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የዋሸሽው እኔን አይደለም።»

ሞተሩን አስነሣው። ከዚያ በኋላ ብናገርም የሚሰማ የለም። ሄድኩ።


ዓርብ

እግሬ፣ አንገቴ፣ ትከሻዬ። ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። መደቡ ላይ ቁጭ አሉና «እኔን? በነፍስ አባቴ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ?» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለካ ከዱላ የሚብስ አለ።

ቀስ ብለው ተነሡና ጓሮ ሄዱ። ድንጋዩን ራሳቸው መረጡ። ጨክነው ነው የመረጡት። «ይቅርታ የሚጠየቀው እንደ ደንቡ ነው» አሉ። አጎቴ «ኧረ ብርቄ፣ ሴት ልጅ ናት፣ ትንሿ ትበቃለች» ሲል «ስትዋሽ ትንሽ ዋሸች?» አሉት።

ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ልጆች ተከተሉን። አንዱ «የሺ፣ ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

መምሬ ተክሌ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ስለ ጣሪያው ጥገና ይነጋገሩ ነበር። «ይፍቱኝ አባ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። «እግዜር ይፍታሽ። እዚያው ቁሚ» አሉና ወደ ቆርቆሯቸው ተመለሱ። ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ምስማር፣ እንደገና ስለ ቆርቆሮ። አንገቴ ሊቆረጥ ደረሰ። ያኔ እግሬ ሳላዘው ራሱ ተከፈተ። ጉልበቴ ታጠፈ፣ ወገቤ ቀና፣ በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ በአፌ ለቀቅሁ። ድንጋዩ አልቀለለም። እኔ ግን አልወደቅሁም።

መምሬ ንግግራቸውን አቆሙ። «ይቺ ልጅ እግሯን ምን ሆነች?»

«ካራቴ ነው አባ። እንዲህ ነው የምንቆመው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ማስተር በቃ እስኪል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና።»

«መምታቱስ?»

«ሰው ገና አንመታም አባ፣ አየር ብቻ። ሦስት ወሩን ይበልጡን መቆም ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳሉ፣ ሳቅ ይመስለኛል። መምሬ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው እግሬን ሲያዩ ቆዩ። «እኔንም የኔታ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መቆም ነው» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ሁሉን ጠየቁኝ፤ ለማን እንደምንጎነበስ፣ ምን እንደምንል። ነገርኳቸው። ድንጋዩ እዚያው ነበር።

«አውርጂው» አሉ በመጨረሻ። «ቃልሽን ግን እኔ አላወርድልሽም። እሑድ ሕዝቡ ፊት ራስሽ ታወርጂዋለሽ።»


ቅዳሜ

ምንም አልሠራሁም። እሑድን ፈራሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት የተናገርኩት ለማሳቅ ብቻ ነው። ነገ ቢስቁ ምን ላድርግ? ባይስቁስ?


እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ሳቁ።

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ጠሩኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ድምፄ ተሰበረ፤ ከኋላ «አይሰማም!» አሉ። እንደገና ጀመርኩ። ወለተ ቶኪዮ ጋ ስደርስ ጎረምሶቹ ሳቁ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ አንድ ቄስም ሲስቅ ያየሁ መሰለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ጨማምሬበት ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዱ ሳቅ እንደ ጥፊ ነበር። አለቃ ደምሴ አልሳቁም። እታገኝ ሴቶቹ መካከል ነበረች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ለማንም አልሰገድንም። እታገኝ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መምሬ «እኔም ሳልጠይቅ ተናግሬአለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ያኔ ነው ሳቁ የቆመው።

እትዬ ብርቄ ቤት ስንገባ «ውኃ ጠጪ» አሉኝ። ከዓርብ ወዲህ ያናገሩኝ የመጀመሪያው ነው።


ሰኞ

አሥራ አራት ሰው። የቀበሌው ሰውዬ በጣቱ ቆጥሮ «እስከ ክረምት ተጠቀሙበት፤ ከዚያ እናያለን» አለ። ሰባቱ አልተመለሱም። ምናልባት አይመለሱም።

እታገኝ መጣች። አባቷን ይዛ። አለቃ ደምሴ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ሁሉን አዩ። «አባባ፣ ይግቡና ይሞክሩት፤ ለወገብ ጥሩ ነው» ልላቸው አስቤ ዋጥኩት። ከባድ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። ኋላ ሳያቸው ማንም አያየኝም ብለው እግራቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው ወገባቸውን ሲያቀኑ ደረስኩባቸው። ዞር አልኩ።

ማስተር እኔንና እታገኝን አቀናጀን። እሷ እንድትመታ፣ እኔ እንድመክት። ፊቴን አታየኝም፣ ከፊቴ አልፋ ግድግዳውን ነው የምታየው። ስትመታ አፏ ይከፈታል፣ የሚወጣ የለም። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። እኔ «ድመቴ» አላልኩም።

ሰባተኛው ላይ ይሁን ስምንተኛው፣ ጮኸች። ደንቡ ከአካል አንድ ስንዝር ርቆ ማቆም ነው። አላቆመችም። ጎኔን አገኘችው። ቁጭ አልኩ።

ከበሩ በኩል አለቃ ደምሴ «እሰይ» ሲሉ ሰማሁ፣ ቀስ ብለው።

«አመመሽ?» አለች እታገኝ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል።

«አዎ።»

«ጥሩ» አለች። «ተነሽ።»

ተነሣሁ። ስንወጣ ከአባቷ ጋር ሄደች፣ ደህና እደሪም አላለችኝ። ይቅር ብላኝ ይሁን ገና የሚቀረኝ ይኑር አላውቅም። አሁን ስተነፍስም ጎኔን ያመኛል፣ እንቁላል የሚያክል እብጠት አለው። ነገ ስፌት አለ፣ ፔዳል አለ፣ የጾሙም ግማሹ ገና ነው። ልተኛ።