ወንድሜ ጋ ሄጃለሁ

ዶርዜ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለገነነ፤
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ

እንዴት ነህ? ሽመናው እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጅህ ትንሳኤ፣ ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁንና፣ በደረቅ ቤት እያደርን ነው። ደረቅ ያልኩት ሰኞ ዕለት ዝናብ ሲወርድብን ደጃችን ላይ ስለዋልን ነው።

ነገሩን ታውቀዋለህ። ባለፈው መስቀል መጥተህ "የሰለጠነ ሰው በር እንዲህ ነው" እያልክ በቀርከሃ ቤት ላይ ያን የብረት ቁልፍ ገጠምክ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ባሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰኞ ከገበያ ስመለስ የመክፈቻው ግማሽ እጄ ላይ፣ ግማሹ እዚያው ቁልፉ ውስጥ ቀረ።

ሽማግሌው አቶ ኃይለመስቀል "ግድግዳውን እንቅደደው" ሲሉ እምቢ አልኩ። አባቴ እንደ ቅርጫት የጎነጎነው ቤት ነው፤ አንድ ቦታ ከተቆረጠ መፈታቱ አይቀርም። በሩን እንድንሰብር እሺ ትለኝ እንደሆነ ብዬ ደወልኩልህ።

ያልከውን አልረሳውም። "በሬን ማንም እንዳይነካ! ለመስቀል ሰው ይዤ ስለምመጣ ቤቱ ይፈለጋል። አንቺ ወንድምሽ ጋ ሂጂ።" ያቺ "ሰው" ያልካት ከጀርባህ ስትስቅ ሰማኋት። ስልኬ ተበላሽቶ በድምፅ ማጉያ ብቻ እንደሚሠራ አላወቅክም እንጂ ከበውኝ የቆሙት ሁሉ ሰምተውሃል።

በኋላ አቶ ኃይለመስቀል "በሩን አትንኩ አይደል ያለው? አንነካም" አሉና ወንዶቹን አስጠሩ። ታች ታቹን ምስጥ ሲበላው ቤት እንዴት እንደምናነሳ ታውቃለህ፤ አዲስ አበባ ካላስረሳህ እዚሁ ነው ያደግከው። ዙሪያውን እንጨት አሰሩ፣ እየዘፈኑ ቤቱን ከመሬት አላቀቁት። እስከ ጉልበታቸው ከፍ ሲያደርጉት በሆዴ ተስቤ ገባሁ።

ውስጥ ቆሜ ዕቃዬን አየሁ። ትንሳኤን የወለድኩበትን መኝታ አየሁ። እዚህ ላይ ሌላ ሴት ልታስተኛ መሆንህን ሳስብ ደሜ ፈላ።

"ገባሽ? እናውርደው?" አለ ወንድሜ ሽበሺ ከውጭ።

"አታውርዱት" አልኩ። "ካነሳችሁት አይቀር ተራመዱ።"

"ወዴት?"

"ወንድምሽ ጋ ሂጂ ተብዬ የለ።"

ሳቁ ተነሥቶ ቤቱ ተንገዳገደ። ሽበሺ ግን ፈራ፤ ነገ ለባሏ ምን እንላለን ብሎ ሽማግሌውን ጠየቀ።

"መሬቱ የእሱ ነው፤ እንተውለታለን" አሉ አቶ ኃይለመስቀል። "ቀርከሃው የእናንተ፣ ሥራው የአባታችሁ እጅ ነው። ባል ደግሞ ሂጂ ብሏል። ተራመዱ።"

እኔ ከውስጥ እነሱ ከውጭ፣ ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። ሴቶቹ መሬት ላይ የቀረውን ዕቃዬን ተሸክመው ተከተሉን። ሽበሺ ጓሮ ስንደርስ ቆጮ በዳጣ አቀረብኩላቸው፤ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

መሬትህ አልተነካም። ምድጃህ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሏል። በርህንም ወንዶቹ አልነኩትም፤ ሽበሺ ጓሮ እንደደረስን እኔ ራሴ ከውስጥ ነቅዬ፣ ከነቁልፉ ወደ ቦታው መልሼ እዚያው አቆምኩልህ። ሰው ይዘህ ስትመጣ ቆልፈህ ተኛ። ጥላ አትርሳ።

ለመስቀል አገሩ ሁሉ ይስቅብሃል፤ እንዲስቅብህም እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ይህን ሲያወሩብህ እስክታረጅ ስማው።

ትንሳኤ "አባዬ ቤቱን ያገኘዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። ያገኘዋል አልኳት። ብቻህን ከመጣህ እንደ ማንኛውም እንግዳ ደጅ ቆመህ ተጣራ። ግባ ልበልህ አልበልህ ገና አልቆረጥኩም።

ልክነሽ