ሥራህን የነገረኝ የዱራሜው ሰው

ውዴ ላምቤቦ፣

ከተለያየን ሁለተኛው የዘመን መለወጫችን የያሆዴ በዓል አለፈ። ጎረቤቱ ሥጋውን ሲከፋፈል ድርሻችንን ወንድምህ አመጣልኝ፤ ለእኔና ለልጃችን ለታደለ በዛብን።

ከጓሮ የተከልከው እንሰት ደርሶ ዘንድሮ ቆረጥነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲፍቁ አብሬያቸው ስስቅ ዋልኩ፤ ሲበተኑ ግን የሳቅኩበትን የምነግረው ሰው አጣሁ። ታደለ ትምህርት ቤት ገብቷል። እንዳንተው ዝምተኛ ነው፣ ምን እንደተማረ ለማወቅ መለማመጥ አለብኝ።

አዲስ አበባ ሳለህ ለእረፍት ስትመጣ ስለ ሥራህ ብነዘንዝህም አትተነፍስም ነበር። አሠሪዎችህ ፈረንጆች ለማንም እንዳትናገር እንዳስፈረሙህ ብቻ ነገርከኝ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፣ አያደክምም ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ሳል ይዞህ ሲበረታብህ አሰናበቱህ፤ ቤትህ ገብተህ ብዙም ሳትቆይ ሞትክ።

እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሥራው ለቅሶው ላይ ይነሳል፣ ታውቀዋለህ። ያንተ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ሥራህን አላውቀውም። አጎትህ ከተማ እንደነበርክ ብቻ ተናግረው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያልተባለ የለም። አንዱ የፈረንጅ በር ጠባቂ ነበር አለ፣ ሌላው እስር ቤት ነው የኖረው አለ። ከሆሳዕና ገበያ ይህን ሰምቼ ስመለስ ብቸኝነቱ አጥንቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ማቴዎስ የሚባል፣ ካንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው፣ ከዱራሜ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። መሞትህን ገና መስማቱ ነው። አብራችሁ ትሠሩ እንደነበር ሲናገር ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው። የሠራዊቱን ሬዲዮ የምትጠግኑበት ክፍል አቧራ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ ተደፍኖ ነበር አለ። ሽቦ ለመበየድ የምታቀልጡት እርሳስ ጭሱ ቀኑን ሙሉ እላያችሁ ላይ ይውላል። ስትወጡ ጫማችሁ ሳይቀር ይፈተሻል። አየር የሚገባው በበሩ በኩል ብቻ ነበር፤ በሩ አጠገብ የምትቀመጠውም አንተ ነበርክ። ማቴዎስ ሳል ሲጀምረው ቦታህን ለቀህለት ጭሱ ከሚጠራቀምበት ከግድግዳው ሥር ገባህ። አለቃው ሲጠይቅህ እዚያ የአምፖሉ ብርሃን ይሻለኛል አልከው። ማቴዎስ ይህን ተናግሮ ተቀመጠ። አጎትህም ተነሥተው ያን ጊዜ ያልተነገረልህን ሁሉ ተናገሩልህ፣ ቤቱም እንደ አዲስ አለቀሰ።

ደስ ብሎኛል ላምቤቦ። ተናድጃለሁም። ቦታህን ስትለቅ እኔና ታደለ ትዝ አላልንህም? ሰዉ አሁን ስምህን በክብር እያነሳ ነው፣ ሚስቱ ስታማርር ማን ይሰማታል? ላንተው ብነግርህ ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት። ለማቴዎስ ምሳ አቀረብኩለት። ሲበላ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለውም። ልጠላው ፈልጌ አቃተኝ፤ ጨምሬ አጎረስኩት።

ታደለ ከፍ ሲል አባቱ ምን ይሠራ እንደነበርና ለማን ሲል እንደታመመ እነግረዋለሁ። እኔን ያስፈረመኝ የለም። አልረሳህም፤ እስካሁን የማስታውሰው የማውቀውን ላምቤቦን ነበር፣ ከእንግዲህ ግድግዳው ሥር የተቀመጠውንም አስታውሰዋለሁ። የእሱን ነገር ግን ካንተው አፍ ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

ሚስትህ አስቴር