በሐጂ ከድር ስንዝር የተለካው መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አነሰ! ስንት ወር ጠብቄ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት የሚገጣጠም የፕላስቲክ መኪና የትንኝ መኪና ሆኖ አረፈው። ከእንጨት የጠረብኩትን ወታደር አጠገቡ ባቆመው ጣሪያው ወገቡ ላይ ቀረ። ሻምበል በዛብህ ይህን ቢያዩ ጉድ ፈላ።

ሻምበል ጡረተኛ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እሑድ እሑድ የምሳ ጠረጴዛቸው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ ለኮረብታ ከሥሩ ድንጋይ ወሽቀን፣ ባለ ስድስት ገጽ ዳይ እየጣልን በእንጨት ወታደሮች እንዋጋለን። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፍኳቸውም። እሳቸው ብረት ለበስ መኪና አላቸው፣ እኔ እግረኛ ብቻ። ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ወታደር በበሩ የማይገባበት መኪና አይሰለፍም።

የዛሬ ሳምንት በሥራ ተዛውሬ ወደ ብድሬ ከተማ እሄዳለሁ። የቀረችኝ አንዲት እሑድ ናት። አንዴ እንኳ ሳላሸንፍ!

ማክሰኞ

ምን አለኝ?
የሳርዲን ቆርቆሮ፦ ጎማ ከየት አባቱ ይመጣል?
እንጨት፦ ባለፈው የጠረብኩት ጎማ ድንች ነው የመሰለው።
የቆርቆሮ መጫወቻ መኪና፦ ይሄ ይሻላል። ላዩን አፍርሼ ሌላ አለብሰዋለሁ። ሮቤ ወርጄ ገበያውን አሰስኩ፤ የለም።

ጊኒር ሐጂ ከድር ሱቅ አለ አሉኝ። ከመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ስልክ ደወልኩ። ርዝመቱ ስንት ይሁንልህ አሉኝ። አንድ ስንዝር አልኳቸው። «ታኩ ቶኮ? አንድ ስንዝር? አለ! ኢንሻአላህ ሐሙስ እጅህ ይገባል።»

ረቡዕ

ምንም። መጠበቅ እንዴት ያናድዳል!

ሐሙስ

መጣ። ጉድ ነው የመጣው! ከእኔ ስንዝር በአራት ጣት ይበልጣል። ደውዬ ጮህኩባቸው፤ አሁን አፈርኩ። «ወላሂ፣ በእጄ ነው የለካሁት! ስንዝር አላልክም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዴ አይቻቸዋለሁ፤ መዳፋቸው ሰፌድ ያህላል።

እናቴ አቡጀዴ ስትገዛ በክንዱ የሚለካላት ረጅም ሰው ከገበያው መሐል ፈልጋ ታመጣ ነበር። እኔ ልጇ በማን ስንዝር ብዬ ሳልጠይቅ! የራሴ ጥፋት ነው፣ ማንን ልውቀስ።

ለመመለስም ጊዜ የለም። እንግዲህ መነሻዬ ይሄው ነው።

ዓርብ

ወገቡን ቆርጬ አራት ጣት አወጣሁለት፣ ሁለቱን ጫፍ በቀለጠ እርሳስ በየድኩ። ጣቴም ተቆረጠ። አጠረልኝ ብዬ ወታደሩን ባስጠጋው ጎማው ደረቱ ድረስ! ጎማውን ረስቼው ኖሯል። መዶሻውን ወረወርኩት።

ቅዳሜ

ጎማው ካልቀነሰ ይሸፈን! ከዘይት ቆርቆሮ ብረት ልብሱን ሠርቼ እስከ ታች አወረድኩት፤ ጎማው ግማሹ ተደበቀ። አዲስ በር ፈለፈልኩለት፣ አረንጓዴ ቀባሁት። አንድ ጎኑ ትንሽ ያነክሳል። ቢሆንም ያምራል፤ እኔ ነኝ የሠራሁት!

እሑድ

ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት፣ ከሥሩ አዩ፣ ጎማውን ነካኩ። ወታደሩን በበሩ ሰደዱት። ገባ! «ይሰለፍ» አሉ።

እስኪመሽ ተዋጋን። ድልድያቸውን ከበብኩት። አንድ ሁለት ዙር ቢቀረኝ ነው፣ ዓይኔ ግን የዳዩን ነጥብ መለየት አቃተው። ሻንጣዬም አልታሸገም። እየተቃጠልኩ ወታደሮቼን መሰብሰብ ስጀምር እጄን መታ አደረጉኝ።

«ተው! ተራው ያንተ ነው።»

«ሻምበል፣ ነገ እኮ እሄዳለሁ።»

«አውቃለሁ። ተራህን ከብድሬ በደብዳቤ ጻፍልኝ፣ እኔ አንቀሳቅስልሃለሁ።»

«ምሳዎንስ የት ሊበሉ ነው?»

«ጉልበቴ ላይ።»

አንሶላ አምጥተው፣ ወታደሮቹ እንዳይወድቁ ቀስ አድርገው ጠረጴዛውን አለበሱት። ቶሎ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ይኸው ሻንጣዬን ትቼ ደብዳቤውን ጀመርኩ፦ «ብረት ለበሱ ወደ ድልድዩ ይጠጋ።» ግን ሕጉ የሳቸው፣ ጠረጴዛው የሳቸው፣ አሁን ደግሞ ዳዩም በሳቸው እጅ። እኔ ሳላይ በሐቅ ይጥሉልኝ ይሆን?