ረቡዕና ዓርብን የሚያከብር በሽታ

ይድረስ ለአያንቱዬ፣ ለትግስት እናት፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም። አንቺ ባለሽበት ደረት የሚያፍን ነገር እንደሌለ ግን አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ካጣሁሽ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ትግስት ከመቱ ስትመጣ «አባዬ፣ የምትለውን እኔ በስልኬ ልጻፍልህ» አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። ለሚስቴ የምጽፈውን በሰው እጅ አላስጽፍም። ፊደሌ ቢንጋደድ አንቺ ታውቂዋለሽ። መሠረተ ትምህርት ስንገባ አጠገቤ ተቀምጠሽ ቀድመሽኝ ያነበብሽ አንቺ አይደለሽ? አኩርፌ ስቀር የተማርሽውን እራት እስኪደርስ መሬት ላይ በእንጨት ትጽፊልኝ ነበር። እንደማላይ ሆኜ ነው ሁሉንም ያየሁት።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የማድ ቤቱን ክዳን ቆርቆሮ አድርጌዋለሁ። ከሁሩሙ መቱ የሚሄደው ሚኒባስ አሁን በራችን ድረስ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ዶሮዎቹ ለምደውታል፣ እኔ አልለመድኩትም። ያቺ ለአስምሽ በአፍሽ የምትስቢያት ሰማያዊ መድኃኒት መስኮቱ ላይ እንዳለች ናት። ትግስት ልትጥላት ባነሳቻት ቁጥር እየተቀበልኩ እመልሳታለሁ።

የዳማዋ ላምሽ ጥጃ፣ ቡሬ፣ ትልቅ ላም ሆናለች። ብዕር ያነሳሁትም በሷ ነገር ነው። ልትሸጥ ነበር። ያውም አንቺን ገደለች ተብላ።

ከሥሩ ልንገርሽ። ወረንጦሽ ትዝ ይልሻል? በጥቁር ክር አንገትሽ ላይ የምታንጠለጥያት፣ እሾህም መዥገርም የምትነቅይባት። እኔና አንቺን ያገናኘችን እሷ ናት። ለጎሬው ነጋዴ ቡና ልገዛ ዳሪሙ የመጣሁ ዕለት፣ መንገዱ ረዘመብኝ ብዬ በሣሩ መካከል አቋርጬ እናትሽ ደጅ ስደርስ፣ ቅልጥሜን አይተሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። «የጎሬው ሰው ስልሚ ጭኖ መጣ! ለገበያ ነው?» ብለሽ ቤተሰቡን ሁሉ ጠራሽብኝ። መዥገርን ስልሚ እንደምትሉት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ግንድ ላይ አስቀምጠሽ አንድ በአንድ ነቀልሽልኝ። «ሆዱን አትጭመቀው፣ ያለውን ሁሉ ይተፋብሃል፤ ከአፉ ሥር ነው መያዝ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ አላመመኝም ለማለት ስለ ቡና ዋጋ አወራ ነበር። ምን እንዳወራሁ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላሟ አጠገብ ያላየሁሽ ቀን የለም። ከጆሮዋ ሥር፣ ከጡቷ፣ ከጭራዋ ሥር እየፈለግሽ ትነቅያለሽ፤ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ ትጨምሪያለሽ። «ያገባሽው ላሟን ነው» ስልሽ፣ «ጃርሳ ኮ፣ እሷ አፍ አትመልስም፣ በምን ትጠላለች?» ትይኝ ነበር። የኔ ሽማግሌ ማለትሽ ነው። ገና ጠጉሬ ሳይሸብት ጀምረሽ ነው ሽማግሌ ያደረግሽኝ።

ደረትሽ ሲያፍንሽ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ትቀመጫለሽ። የሚብስብሽ ጀንፈል ቡና ሲፈለፈል በሚነሳው አቧራና በክረምቱ ብርድ ነበር። ትንፋሽሽ እንደ ፉጨት ሲሆን እኔ መዶሻ ይዤ ወጥቼ አጥሩን እመታለሁ። ያ እንጨት ላልቶ አያውቅም። አንቺም ታውቂ ነበር። ሲሻልሽ «አሁን ጠብቋል፣ ግባ» ትያለሽ።

አንቺ ስትሄጂ የቡሬ መዥገር ለኔ ቀረ። ወረንጦዋን ከሄድሽ ወዲህ ከተሰቀለችበት ሚስማር ላይ ማውረድ አልሆነልኝም፣ ያንቺ ናትና። በጣቴ ነቀልኩ። ባዶ ቅልጥሜን ሣሩ ውስጥ እየገባሁ ላሟን አመጣኋት። እሷ ላይ ያለው ከበዛ ወዲህ እኔም ላይ በዛ። መዥገር ምን ያደርገኛል አልኩ። ታውቂኛለሽ።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር ጀመረኝ። ደህና ውዬ ድንገት ገላዬ በሙሉ እብጥብጥ ብሎ ያሳክከኛል። እከክ ቢሉሽ የቀላ፣ የሚያቃጥል። ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ «ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ቅባት በልተው ወጥተው ነው» ብላ በዳማከሴ አሸችኝ። ምችም ከሆነ ዳማከሴውን አልሰማም። የዐቢይ ጾም ሲገባ ጠበል ጀመርኩ። ጾሙን በሙሉ አንድ እብጠት አላየሁም። ደስ ብሎኝ ሁሩሙ ገበያ ላይ ላገኘሁት ሁሉ «ዳንኩ፣ ጠበሉ አዳነኝ» እያልኩ አወራሁ። ቄሱም ምስክር እንድሆን ነገሩኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ትግስት መጥታለች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በዶሮው ገደፍን፣ ምንም የለም። ረፋድ ላይ በጉ ታረደና በላሁ፣ ድገም ተብዬም ጨመርኩ። ከቀትር በኋላ እትዬ ወርቅነሽ ቤት ተጠርተን ቁጭ እንዳልን ከንፈሬ ተነፋ፤ ገላዬ እሳት ሆነ፤ ትንፋሼም ጠበበኝ። አያንቱዬ፣ ያን ጊዜ ነው ያንቺን የቀመስኩት። ሰው አየር መሀል ተቀምጦ አየር ሲያጣ። ትግስት አይታኝ «አባዬ! እንደ እማዬ ሆነ!» ብላ ጮኸች። ሮጣ ሄዳ ያችን ሰማያዊ መድኃኒት ከመስኮቱ አመጣችልኝ። በባጃጅ አፋፍሰው መቱ ሆስፒታል አደረሱኝ፤ መርፌ ወጉኝና ተመለስኩ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ለትግስት የመዥገር ንክሻ አለርጂ ያመጣል ብሎ ነገራት። ልጅሽ የተማረች ናት፤ አንዱን ካንዱ አገናኘችው። አስምም አለርጂ ነው፣ ይሄም አለርጂ ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች «እማዬን የበላት የዚች ላም መዥገር ነው። አሁን ደግሞ አንተን ጀመረ። አልቀብርህም አባዬ፣ አንተን አልቀብርህም!» አለችኝ። ከጎሬ የላም ነጋዴ አነጋግራ ነበር፤ ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል።

ልጅሽን አልተቆጣኋትም። ዳማዋን ለሰርጋችን ነድቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ቡሬም ከሷ የተወለደች ናት። ላሟ ገድላሽ ከሆነ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጠገብሽ ቆሜ ያየሁት ምን ነበር? ያ ሁሉ ደስታችን ምን ሊባል ነው? ለትግስት እንዲህ አልኳት፦ «ሐኪሙ እናትሽን የጎዳት የላሟ መዥገር ነው ካለ፣ ገመዷን ይዤ ራሴ ገበያ አወጣታለሁ። ካላለ፣ ገመዷን የሚነካ ሰው አልወድም።» ነጋዴውንም እስከዚያ ጠብቅ አልነው።

የመቱው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለ አጫወተኝ። «አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚነሳብዎት?» አለኝ። እኔም «ዶክተር፣ ይሄ በሽታ ኦርቶዶክስ ነው። ረቡዕና ዓርብን ያከብራል። ዐቢይ ጾምን እስከ መጨረሻው ጾሟል። ፋሲካ ላይ ነው አብሮኝ የገደፈው» አልኩት። ሊስቅ ጀመረና መሀል ላይ ተወው። ብዕሩን አስቀመጠ። «የበሬና የበግ ሥጋ ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ነው ማለት ነው?» አለ። ዶሮውስ? ምንም። ዓሣስ? ምንም። ሱሪዬን ሰብስቦ ቅልጥሜን አየና ደሜን ወደ አዲስ አበባ ላከው።

ውጤቱ የመጣ ቀን ትግስትን አጠገቤ አስቀምጦ ነገረን። መዥገር ሲነክስ ከምራቁ ጋር አንድ የስኳር ዓይነት ይገባል፤ ያው ስኳር በበሬና በበግ ሥጋ ውስጥም አለ። ደም ያንን ጠላት ብሎ ይይዘውና ፀረ እንግዳ አካል የሚሉትን ዘብ ያቆምበታል። ከዚያ ሥጋ በበላሁ ቁጥር ዘቡ ሌባ መጣ ብሎ ዱላውን ያነሳል። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ፤ ቀይ ኮፍያ ያለው ሰው አንድ ቀን የደበደበው ዘበኛ ቀይ ኮፍያ ያደረገውን ሁሉ እንደሚመታ ማለት ነው።

ትግስት «እማዬስ?» አለችው። እኔ ወለሉን አየሁ።

«እናትሽ ሥጋ በልተው ያሳክካቸው ነበር?» አላት። በፍጹም። ትንፋሻቸው የሚያጥረው መቼ ነበር? በቡናው አቧራ፣ በጭስ፣ በብርድ። ሐኪሙ እንዲህ አለ፦ «እሳቸውን አላየኋቸውም፣ ስለዚህ ስለ አሟሟታቸው አልናገርም። ግን ይሄ የመዥገሩ ነገር ከብት ያለው የገጠር ሰው ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ አስም ያመጣል የሚያሰኝ ነገር ግን አልተገኘም። የአባትሽ ትንፋሽ የጠበበው በበሉት ሥጋ ነው። የእናትሽ አስም በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ሁለቱም አለርጂ ስለተባሉ ወንድማማች አታድርጊያቸው።»

አያንቱዬ፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው ያለቀስኩት። ዶክተሩ ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ትእዛዙ ብዙ ነው። የበሬና የበግ ሥጋ ቀረ። ክኒን ከኪሴ አይለይም፤ ትንፋሽ ከጠበበኝ ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል። ወተቱን አስተውል ብሎኛል፤ እስካሁን አልነካኝም። ቡሬን የመዥገር መድኃኒት አስረጫታለሁ፣ እኔም ቦት ጫማ አደርጋለሁ። ሰርግ ቤት ቁርጥ ሲያቀርቡልኝ በሽታዬን ለማንም መንገር አልወድምና «ጾም ላይ ነኝ» እላለሁ። እትዬ ወርቅነሽ ባለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ በቀለ፣ በሰርግ ቀን የምን ጾም ነው? መነኮሱ እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ዶሮ ከሠራሽ ቆቤን አወልቃለሁ አልኳት።

ውጤቱን በሰማን ቅዳሜ፣ ጠብቅ ያልነው ነጋዴ ከጎሬ መጣ። «ሥጋዋን የማይበሉላት ላም ምን ታደርግልዎታለች?» አለኝ። ትግስት ቀደመችኝ። «የእናቴ ናት፣ አትሸጥም» ብላ በሩን ዘጋችበት። ልጅሽ ከማን እንደወረሰችው ታውቂያለሽ።

ያን ቀን ወረንጦሽን ከሚስማሩ አወረድኩ። ክሩ በስብሶ ነበር፤ ትግስት ሌላ ጥቁር ክር አስገባችልኝና አንገቴ ላይ አሰረችው። ከመድኃኒቱ ያመለጠውን እንዳንቺ ከአፉ ሥር ይዤ፣ ሆዱን ሳልጨምቅ እነቅላለሁ። ከጆሮዋ ሥር ያለውን ፈልጌ ሳልጨርስ አልገባም፤ አንቺም ሳትጨርሺ ገብተሽ አታውቂም። ቅልጥሜ እስከቻለ ድረስ አንቺን የማስብበት ሰዓት ይኸው ነው፤ ለሌላ ነገር አልሰጠውም።

ስጠራት ባንቺው ቋንቋ፣ «ኮቱ፣ ቡሬ፣ ኮቱ» ብዬ ነው፤ ነይ ነይ ስትያት እንደኖርሽው። ትሰማለች። ግን ወዲያው አትመጣም። መጀመሪያ ከኋላዬ ታያለች። እኔም ዞሬ አብሬያት አያለሁ። ከዚያ ትመጣለች፣ ሥራችንን እንጀምራለን።

ሽማግሌሽ በቀለ
ከሁሩሙ