ገፈርሳ ላይ ያየሁት የቦኖአችን ውሃ

ቡራዩ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

የሺዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ትናንት ባለቤቴ ጨው ሊሸጥ ገበያ ሲወርድ፣ ቤታቸው ያረፍንባቸው እናት አዴ ጋዲሴ እኔን ገፈርሳ ይዘውኝ ወጡ። እኔና አንቺ በየማለዳው ለተራ የምንጣላበት፣ ቀጠነ እያልን የምንረግመው የቦኖ ውሃ ለካ ይሄ ነው። በባሕር ዛፍ ተከቦ፣ ሰማይ አክሎ ተኝቷል፤ ዳክዬ ይዋኝበታል። አፌ አላርፍ ብሎ "ማታ ማታ ማነው የሚዘጋው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ልጄ፣ እሱን የሚዘጋው ዋቃ ብቻ ነው" አሉኝ። ከዚያ ለምለም ሳር ቆርጠው በውሃው ነከሩና ዳር ላይ አኑረው አመሰገኑ። ሳያመሰግኑ አይቀዱም። እኛ ቦኖ ጋ የምንባባለው "እንስራሽን አንሺ" ነው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

ካርዱ ላይ የተረፈችኝ ቦታ ይቺው ናት። ማሪቱንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ትናንት እጄን እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ነክሬያለሁ። ካርዱ ገና ፖስታ ቤት ሳለ ውሃው ቀድሞት ይደርሳል፤ እና ነገ ቦኖው ቢቀጥንብሽ እንዳትረግሚው፣ ሰላምታዬን ይዞ ነው የመጣው።

ራቢአ