ሹፌሩ ከመኪናው የወረደ ቀን

ጥቅምት 8

ሥራ በዛ ዛሬ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ አንዱ የማድረቂያ ካስክ ተበላሽቷል፣ ሁለት እህትማማቾች በቀረው ላይ «እኔ ቀድሜ ነበር»፣ «የለም እኔ ነኝ» ሲባባሉ ጆሮዬ ሊፈነዳ።

ማምሻውን ጥድፊያ መጣች። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ… ፀጉሯን ሳደርቅላት እንኳ አንድ እግሯ በር ላይ ነው። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ለሕክምና ከሩቅ ሲመጡ የሚያርፉበት ቤት አለ፤ የዚያ አስተባባሪ ናት። ሕክምናው ሲጀመር የልጆቹ ፀጉር እንደሚረግፍ አጫወተችኝ። ጠዋት ሲነሱ ትራሱ ላይ ተከምሮ ሲያዩት ይደነግጣሉ አለች።

«ሳይረግፍ በፊት እያጫወተ የሚላጫቸው ሰው ቢኖር…» ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«እኔ? ልጅ ሲያለቅስ አብሬ የማለቅስ ሰው ነኝ እኮ!»

«ታዲያ አብረሽ ታለቅሻለሽ።»



ጥቅምት 12

ሰኞ ስለማልሠራ ሄድኩ። ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ።

ፀጥ ያለ፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ቤት ነበር የጠበቅኩት። ገና ደጁ ላይ ጫጫታ ተቀበለኝ። ደረጃው ሥር የትንንሽ ጫማ መዓት። ገመድ ላይ የታጠበ አንሶላ። ግቢው ውስጥ አንዲት ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እግሯ ቀጭን፣ ሆዷ በአንድ ጎን የተነፋ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሁለት ልጆችን ጠብ ትዳኛለች።

«አንተ መጀመሪያ ገፋሃት። አንቺ ደግሞ ስድቡን ከየት አመጣሽው? ሁለታችሁም ይቅርታ!»

ይቅርታ ተባባሉ! ከልባቸው! ‹ዳኛዋ› ነው የሚሏት። ኩላሊቷ ላይ እብጠት በቅሎባት ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ከአባቷ ጋር። አባትየው ግንበኛ ነው።

መላጫዬን ሳወጣ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«በርዶኝ።»

«ዋሸሽ።»

«አዎ… ዋሸሁ።»

«በይ ከእኔ ጀምሪ። ትንንሾቹ እንዳይፈሩ።»

ተቀመጠች። ፀጉሯ እንዴት ያለ ፀጉር ነበር! ጨርሼ መስታወት ሰጠኋት። አገላብጣ አየችና «አባዬን መሰልኩ!» አለች። አባትየው በራ ነው። ከት ብሎ ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚታየኝ…



ጥቅምት 19

ዛሬም እዚያው ዋልኩ። ‹ለአንድ ቀን ብቻ› ያልኩት የት ገባ?

በነፃ የሚያግዘውን ሰው አየሁት ዛሬ። ባንክ የምትሠራ ልጅ፣ በየጠዋቱ ሥራ ሳትገባ መጥታ አንሶላ ታጥባለች፤ ጓንቷን አውልቃ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ወደ ባንኳ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፤ የሚያስመልሳትን ልጅ ሳህን እየያዘላት ማባዛት ያስተምራታል። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ታስመልሳለች… «ሃምሳ ስድስት!» ደግሞ ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው? ማን ሰበሰባቸው?

አንዱ ብቻ አልገባኝም። ሹፌሩ። ልጆቹ ‹ተራራው› ይሉታል፤ ሲገባ ሚኒባሱ በአንድ ጎን ዘመም ይላል። ሆስፒታል ያመላልሳቸዋል፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ብስኩቱን ይበላል። ቤቱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም አሉ። ሰላም ብለው «እሺ» አለኝ። እሺ ምን ማለት ነው? ኩራተኛ!

ኅዳር 3

የዳኛዋ ሆድ ጎደለ! መድኃኒቱ እብጠቱን አሟሽሾታል። ቀሚሷ ሰፍቷት እየተሽከረከረች ታሳያለች። ሐኪሙ አሁን ለቀዶ ጥገና ደርሳለች ብሏል፤ የቀረውን ከነኩላሊቱ ያወጡታል። በአንዱ ኩላሊት ሰው ይኖራል አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 10

ሚጢጢ ዐረፈች።

የቤቱ ትንሿ ልጅ፣ አራት ዓመቷ ነበር። ባለፈው ሰኞ ጥፍሯን ቀይ ቀብቻታለሁ። አስሩንም ዘርግታ ላገኘችው ሰው ሁሉ ስታሳይ ነበር።

እናትየው አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ የልጇን ትንሽ ሹራብ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ታጥፋለች። ሄጄ አጠገቧ መቀመጥ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። እየሮጥኩ ማለት ይቀላል።

ሹፌሩ ነው እናትና ልጅን አገራቸው የሚያደርሳቸው። መኪናው ሲወጣ አየሁት። ፊቱ ድንጋይ።

አልመለስም እዚያ ቤት። በቃኝ።

ኅዳር 12

ጥድፊያ ደወለች። ዳኛዋ የለችም።

አባትየው ማለዳ ይዟት ሄዷል። ለጥበቃው «ልጄ ድናለች፣ ሆዷ ጎድሏል። ቢላ አላስነካትም» ብሎት ነው የወጣው። ስልኩ ዝግ ነው። ሐኪሙ፣ እብጠቱ የጎደለ ይምሰል እንጂ ሥሩ አለ፣ ከቆየ ብሶ ይመለሳል፣ ያኔ እኔም አልደርስበትም ብሏል።

«ነገ እንሄዳለን፤ አንቺም ትመጪያለሽ» አለች።

«እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«ልጅቷ ትወድሻለች። ሌላ ምን ላድርግ? ግራ ገብቶኛል።»

ጥድፊያ ግራ ገባኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ነገ የሥራ ቀን ነው… ቀጠሮ የያዙ ደንበኞች አሉኝ… ምን አባቴ ላድርግ?

ኅዳር 13

ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። ቢደክመኝም ሳልጽፈው አልተኛም።

መንገዱ ረጅም ነው። ሹፌሩ ትናንት ነው ሚጢጢን አድርሶ የተመለሰው።

አባትየውን የጎረቤት አጥር ሲገነባ አገኘነው። እጁ ሲሚንቶ በሲሚንቶ። አልተቆጣም፤ ቤቱ ወሰደንና በረንዳው ላይ በርጩማ አወጣልን። ዳኛዋ በርራ መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። ሹፌሩ እንደ ልማዱ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

ጥድፊያ ሁሉንም አስረዳችው። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። ሲሰማ ቆየና፦

«እትዬ፣ እናንተ ደጎች ናችሁ። ክፉ ሰው አልሁንባችሁ። ግን እዚያ ቤት የገባ ልጅ ሲወጣ አየሁ… ተጠቅልሎ።»

«የዳኑም አሉ እኮ ወንድሜ።»

«የታሉ? እስቲ አንዱን አሳዪኝ። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን የዳኑትን ፎቶ አትበይኝ፤ ፎቶማ ይስቃል። ያደገ፣ የሚሠራ፣ የሚበላ የሚጠጣ ሰው አሳዪኝ።»

ጥድፊያ አባትየውን አይደለም የምታየው፣ መኪናውን ነው። ምን ሆነች ብዬ እኔም ዞርኩ።

የመኪናው በር ተከፈተ። ሹፌሩ ወረደ። እየከበደው መጣና በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመ። በርጩማውን አየት አድርጎ ተወው።

«እኔ አለሁ» አለ።

«ምን ሆንክ?» አለ አባትየው።

«የዳነ አሳዪኝ አላልክም? እኔ አለሁ። በስድስት ዓመቴ ነው። የደም ካንሰር።»

አባትየው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ? ይህን የሚያህል ሰውዬ?»

«ያኔ አባቴ በአንድ እጁ ነበር የሚያነሳኝ። አሁን ይሞክራታ።»

ዳኛዋ ብቻ ሳቀች።  ሸሚዙን ከአንገቱ ፈታ አድርጎ ደረቱ ላይ ያለ ጠባሳ አሳየን። «መድኃኒቱ የሚገባበት ቱቦ እዚህ ነበር።» አባትየው ተነስቶ ሄደና በዚያ ሲሚንቶ በደረቀበት ጣቱ ጠባሳውን ነካው። ቆየበት።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ አራት። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም አስቸጋሪ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ስታመላልሰን ለምን አትነግረኝም?»

ሹፌሩ መሬት መሬት አየ።

«ያኔ አጠገቤ የሚተኛ ጓደኛ ነበረኝ። እሱ አልዳነም። እናቱ… ምንም አላለችኝም። ታየኝ ነበር፣ በቃ። እኔ ልውጣ ልሂድ ስል ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ ልጅ የሞተባት እናት ፊት መቆም አልችልም። የዳንኩት እኔ ነኝ ተብሎ እንዴት ይወራል? እሷንም ለማንም እንዳትናገር አደራ ብያት ነው» አለ፣ ጥድፊያን በአገጩ እያመለከተ። «ዛሬም አልወርድም ነበር።»

ቀና አለ። «ትድናለች ብዬ አልምልልህም። ያቺን ሕፃን ያደረስኳት እኔ ነኝ። ግን አባቴ እንዳንተ ይዞኝ ቢመለስ ኖሮ፣ ዛሬ አጥንቴም አይገኝም።»

 ዳኛዋ ወደ ሹፌሩ ጠጋ አለች።

«ያምም ነበር?»

«ያምም ነበር።»

«አለቀስክ?»

«ብዙ።»

አሰበች። ከዚያ ምንም ሳትል ቤት ገባችና ጫማዋን ይዛ ወጣች። እግሯን ለአባቷ ዘረጋችለት። አባትየው ተንበረከከ። አሰረላት…

ስንመለስ አባትየው ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ ያንን ሰፊ ጀርባ ሳይ መጣሁ። ኩራተኛ ብዬው ነበር። ከሞት የተረፈ ሰው በየሰኞው አጠገቤ ብስኩት ሲበላ እኔ ‹እሺ ምን ማለት ነው› እያልኩ ስናደድ! ልጆቹን የሚያመላልሳቸው እሱ ራሱ በልጅነቱ የተመላለሰበትን መንገድ ነው። በየቀኑ። ይህ ሁሉ ዓመት።

ስንት ሰው አጠገቤ አልፏል እንዲህ ሳላውቀው?

ኅዳር 20

ዳኛዋን ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ እኔ፣ ጥድፊያ፣ አባትየው። ሹፌሩም! መኪናውን አቁሞ ገባ። አባትየው አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጠም፤ ሹፌሩ አብሮት ወዲያ ወዲህ አለ።

ሐኪሙ ወጣ። «ሙሉውን አውጥተነዋል» አለ። አባትየው የሹፌሩ ደረት ላይ ተደፋ። የባንኳ ልጅ ስልክ ላይ ነበረች፤ ጩኸቷ ከስልኩ እስከ እኛ ተሰማ።

መድኃኒቱ ገና ወራት ይቀጥላል። ቢሆንስ!

ጥር 17

ሐሙስም መዝጋት ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ «የቀረሽ እሁድን መክፈት ነው» ብሎ አሾፈብኝ። እሱ ራሱ ባለፈው የልጆቹን ቤት መብራት ሊጠግን መጥቶ እስኪመሽ አስተማሪው ጋ ተቀምጦ ቀረ።

ሹፌሩ አሁን ቤት ይገባል። ሶፋው አልቻለውም፣ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። አዲስ ወላጅ ሲመጣ ጥድፊያ ምንም አትልም፣ እሱ ጋ ትወስዳቸዋለች። ያያሉ። ይነካሉ። አንዷ እናት ክንዱን ቆንጥጣ «ሥጋ ነው!» አለች።

እኔም እስካሁን አልለመድኩትም። አንዳንዴ ሲበላ አያለሁ፣ እንዲሁ ሲበላ… ይገርመኛል።

ሚያዝያ 6

ዳኛዋ ሕክምናዋን ጨረሰች። ምርመራው ንጹሕ ነው። በየጊዜው እየመጣች ትታያለች። ስትሄድ ትንንሾቹን ሰብስባ «የማትስማሙ ከሆነ ለተራራው ንገሩት» ብላ ሥልጣን አስረክባ ሄደች። አባትየው የተሰነጠቀውን ደረጃ ሠርቶልን ነው የሄደው።

ሚያዝያ 20

የሚጢጢ እናት መጣች።

ሳትናገር፣ ሳትደውል። ደጁ ላይ ሳያት ቦርሳዬን አነሳሁ። የሚጢጢን ልብሶች አጥባ፣ አጣጥፋ ይዛለች። «ለሚሆናት ልጅ» አለች።

ሹፌሩ ምንጣፉ ላይ ነበር፣ ከሁለት አዲስ ወላጆች ጋር። አያት። ተነሳና በጓሮ በር ሊወጣ ሄደ። ያ ግዙፍ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን!

«ቁም» አለችው።

ቆመ።

«አንተም እንደ ልጄ ታመህ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ እህቴ።»

«ያን ቀን ስታደርሰን ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍ አጣሁ። እንዴት ብዬ? አንቺ ባዶ እጅሽን… እኔ…» አልጨረሰውም።

ቀርባ ቆመች። ደረቱም ላይ አትደርስም። አየችው። ብዙ አየችው። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጎንበስ በል እስቲ» አለች።

ጎንበስ አለ። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እንኳን ኖርክ» አለች። «እኔ እኮ ከዚህ ቤት የሚተርፍ የለም ብዬ ነው ስቃጠል የከረምኩት። አለ ማለት ነው… እንኳን ኖርክልን፣ ወንድሜ።»

እንደ ሕፃን አለቀሰ። ድምፁን ከፍ አድርጎ። ልጆቹ መጥተው እግሩን አቀፉት። ጥድፊያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እዚህ ቤት እሷ ስትቀመጥ ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ሴትየዋ ፊቷን ጠረገችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ሰው የሚያስፈልገው የትኛው ክፍል ነው?»

«ሦስት ቁጥር» አለች ጥድፊያ። «ልጁ ከትናንት ጀምሮ ደክሟል። እናቱ ብቻዋን ናት። አላለቀሰችም።»

«ገባኝ» አለችና ደረጃውን ጀመረችው።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ተከትያት ወጣሁ።