የአባባ ጥንስስና የእትዬ ቭላስታ ዝይ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለራዲም፤

እንደምን ሰንብተሃል? የኖርዌይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሲግሪድና ትንሿ ኤሊሽካ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንን። አባባም ስትሮኩ ከጣላቸው ወዲህ እግራቸው በርትቶ በምርኩዝ ግቢውን ይዞራሉ። ንግግራቸው ግን ያው አንድ ሁለት ቃል ነው።

«አባባ ከእንግዲህ ቢራ አይጠምቁም፤ የመጥመቂያውን ዕቃ ለጠየቀን ገዢ ስጡት» ብለህ የጻፍከውን አነበብኩላቸው። ሁለት ቀን ምሳ እምቢ አሉ። አንጀቴን ስለበሉኝ ብቅል አስፈጭቼ አመጣሁና «ለገና አንዴ እንሞክር፤ ከተበላሸ ሰውየው ይውሰደው» አልኳቸው። ተስማሙ። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው በጣት እያዘዙ፣ እኔ እየሠራሁ ጠነሰስን።

ያን ያንተን የሙቀት መቆጣጠሪያ ታውቀዋለህ። በርሜሉ ምድር ቤት አሮጌው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ጎኑ ላይ የለጠፍኳት የሽቦ ጫፍ ሙቀቱን ትለካለች። ከአሥር ዲግሪ ሲያልፍ ፍሪጁ ይነሣል፣ ሲወርድ በበርሜሉ ወገብ የታሰረው ማሞቂያ ይበራል። ሦስት ቀን ያለ እንከን ሠራ። ዓርብ ጠዋት ብወርድ ቁጥሩ አንድ ይላል። ክው አልኩ። እርሾው በብርድ ሊተኛብኝ ነው ብዬ ፍሪጁን ነቀልኩ። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ በርቶ ዋለ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ፊውዙን ቀየርኩ፣ ሶኬቱን ፈታሁ። ብርድ እንዳላስገባ ብዬ የፍሪጁን በር ብቻ አልከፈትኩም፤ ሞኝነቴን ተመልከት።

ቅዳሜ ተስፋ ቆርጬ «አባባ፣ አልሆነም፤ ሰውየውን ልጥራው» አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ከታመሙ ወዲህ ረግጠውት የማያውቁትን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ። በሩን ከፍተው በርሜሉን ቢነኩት ሞቋል። ከዚያ ሽቦዋን በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። ጫፏ በረዶ የሆነች ትልቅ ዝይ ሥር ተወሽቃለች።

ለካ ጎረቤታችን እትዬ ቭላስታ ለመንደሩ በዓል የገዟትን ዝይ ፍሪዘራቸው ስለሞላ ሐሙስ ማታ ሳይነግሩን እኛ ፍሪጅ ውስጥ አስገብተዋት ኖሯል። ሽቦዋ መንገድ ብትዘጋባቸው ነቅለው ከሥሯ ሸጎጧት። መሣሪያው የዝይዋን ብርድ እየለካ የእኛን በርሜል ሲያሞቅ ከረመ።

አባባ ዝይዋን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዝይ ስታስታምሚ ነበር» አሉኝ። ራዲም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። እትዬ ቭላስታን ብወቅሳቸው «ታዲያ ፍሪጅ ለምንድን ነው? ቢራችሁ ከዝይ ይበልጣል እንዴ?» ብለው ኮሩብኝ።

ሽቦዋን መለስኩ፤ አባባ «ቀስ» እያሉኝ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አቀዘቀዝነው፤ ዛሬ አሥር ዲግሪ ላይ ነው። እርሾ ሲሞቅበት የሚያመጣው ትንሽ የሙዝ ሽታ ሸቶናል፤ መበላሸት አለመበላሸቱን ለገና ስንቀምሰው እናውቃለን። በውላችን መሠረት ገዢውን ልጥራ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ መልሱን ከታች ታገኘዋለህ።

ለሲግሪድ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ኤሊሽካን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እትዬ ቭላስታ «ከሳ ወይ?» ብለው ጠይቀውሃል። አባባ ሰላምታቸውን በራሳቸው አፍ አስጽፈውኛል። ለመናገር ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው፤ አላቋረጥኳቸውም፤ «ራዲም፣ መጥተህ ቅመስና ፍረድ። እስከዚያ ከዚህ ቤት አንዲት ብሎን አትወጣም።»

እህትህ ያርሚላ
ሎውችኪ፣ ቼክ
ኦክቶበር 17 ቀን 2019